በአንቺ ላይ የመሰከሩ ወፎች

ይድረስ በኪዳነ ምሕረት ደጅ፣ ከወይራው ሥር ላረፍሽው ለይመኙሻል።

ከተለያየን ወዲህ አዝመራው ተሰብስቧል፤ ዐቢይ ጾምም ገብቶ ወጥቷል። ያን ጊዜ ኅዳር ነበር፣ አሁን ግንቦት ነው። እንዴት ሰነበትሽ ብዬ ብጀምር የንስሐ አባታችን ይቆጡኛል። መጠየቅ የሚያሻን እዚህ የቀረነው ነን እንጂ እሷ አይደለችም ይላሉ። ነገር ግን ከመንገድ በገባሁ ቁጥር ገና ከደጃፉ የምለው እሱን ነበርና ዛሬም እላለሁ፤ እንዴት ሰነበትሽ፣ እመቤቴ?

እኔ አለሁ። ደህና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽሽም። ፈርቻለሁ። ይህን የምጽፍልሽ ከቀትር በኋላ በራችን ላይ ተቀምጬ ነው፤ ዓይኔ ከወረቀቱ ላይ ቢሆንም ጆሮዬ ከአማኑኤል በሚመጣው መንገድ ላይ ነው። የመኪና ድምፅ የሰማሁ በመሰለኝ ቁጥር ብዕሩን አስቀምጣለሁ፤ ነፋስ መሆኑን ሳውቅ መልሼ አነሣዋለሁ። ስለዚህ ጽሕፈቴ እዚህም እዚያም ቢሰበር እጄ ነው እንጂ ልቤ አይደለም ብለሽ አንብቢልኝ። ልቤ ነው ብትዪም አልከራከርሽም።

የምፈራውን ከመናገሬ በፊት የቤቱን ላውራሽ። አንቺ ከሰው ነገር በፊት የከብቱን ትጠይቂ ነበርና። ላማችን ወልዳለች፤ ጥጃዋ ቡሬ ናት፣ እንስት። ጌሾሽን የጎረቤት ፍየል ጨርሶት ነበር፤ አሁን ግን ከሥሩ አቆጥቁጧል። ልጃችን ሙሉ ደብረ ወርቅ ሆና በሰላም ተገላግላለች፤ ሴት ልጅ ናት። ሰማንያዋ ሊሞላ ስለሆነ የክርስትናዋ ቀን ደርሷል። ሙሉ የቤት ስሟን ይመኙሻል ልበላት ወይ ብላ ላከችብኝ። እኔም ቆይ፣ አትቸኩዪ ብዬ መለስኩላት። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ከታች ታገኚዋለሽ። ምግቤን እህትሽ ዘርፌ በአገልግል እያመጣች ታበላኛለች፤ የመጨረሻ ልጇን አሁንም ታጠባለች። በቅሏችን ግን የለችም። የእሷን ነገር ስነግርሽ እንዳትስቂ።

ደግሞ አንድ ነገር አለ። ለአርባሽ ተዝካር ልብስሽን ለድኾች ላካፍል ሣጥኑን ብከፍት ነጩ ኩታሽ እኩሌታው የለም። አይጥ በላው ብዬ ልተወው ነበር። ነገር ግን አይጥ እንዲህ ጥበቡን ይዛ ቀጥ አድርጋ አትቀድም። ለማን መስጠት እንዳለብኝ ግራ ገብቶኝ የቀረውን እኩሌታ መልሼ ከሣጥኑ ከተትኩት። ይህንንም አስታውሺው።

የኔን የሕይወት መንገድ ከአንቺ በላይ የሚያውቀው የለም፤ ዳሩ ግን ፍርሃት ሲይዘኝ ወደ ኋላ መቁጠር ልማዴ ሆኗል። ዲማ ለትምህርት ተልኬ ዳዊት ደገምኩ፣ ቅኔ ቤትም ገባሁ፣ አልዘለቅሁም። የኔታ ድምፅህ ለዜማ አይሆን፣ ልብህ ለቅኔ አይረጋ፣ አፍህ ግን ለጠብ ደህና ነው ብለው አሰናበቱኝ። ከዚያ ደብረ ማርቆስ ወርጄ ችሎት ቆሞ መስማት ሥራዬ ሆነ። ነገር አዋቂዎቹ ኩታቸውን አደግድገው፣ ዘንጋቸውን ይዘው፣ ወደ ዳኛው እየተጠጉ ወደ ባላጋራቸው እየዘለሉ ሲሟገቱ አያለሁ፤ ማታ ብቻዬን ከግድግዳ ጋር እሟገታለሁ። አባትሽ የርስት ነገር ገጥሟቸው ጠበቃ ባጡ ጊዜ ከግድግዳ ሌላ ረትቼ የማላውቀውን እኔን ያዙ። ረታሁላቸው። ርስቱንም አገኙ፤ እኔም አንቺን አገኘሁ።

ከዚያ በኋላ ለከባድ ሙግት በተቀጠርኩ ቁጥር ዋዜማውን አንቺ የባላጋራዬን ቦታ ትይዢ ነበር። ማማሰያውን እንደ ዘንግ ይዘሽ፣ መቀነትሽን አጥብቀሽ፣ እስኪ ተናገር ጠበቃው ትይኛለሽ። እኔ የተማርኩትን ሁሉ አወርደዋለሁ፤ አንቺ ደግሞ ጎረቤት ለጎረቤት እንደሚናገረው አድርገሽ አንድ ቃል ትጥያለሽ፣ ነገሬ ይፈርሳል። አብዛኛውን ጊዜ ትረቺኝ ነበር። ያንን በችሎት ለማንም አልነገርኩም።

በሙግት ልማድ ጠበቃ ቃሉን በውርርድ ማጽናቱን ታውቂያለሽ። ይህ ያልኩት ሐሰት ቢሆን ማር እሰጣለሁ ይላል፤ ነገሩ ከጠና በቅሎ እሰጣለሁ ይላል፤ ከተረታም ይሰጣል። እኔ በቅሎ እሰጣለሁ የምትለዋን ከአፌ ማውጣት ያቃተኝ ሰው ነበርኩ። እኛ ቤት በቅሎ እስከነመኖሯ የሚገርም ነው ትይ ነበር።

ያገሩ ባላባቶችና ሹማምንት መርጠውኝ ለሕግ መምሪያው ምክር ቤት እንደራሴ ሆኜ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ ያልሽኝ ትዝ ይልሻል? አገር ልታጥር ነው፣ የደጃችንን አጥር መቼ አጠርከው አልሽኝ። ዓባይን ተሻግሬ፣ በዚያው አፌ ሸዋ ገባሁ። እዚያ ግን ሁሉ ነገር ሌላ ነው፣ ይመኙሻል። ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው የሚናገሩት፤ ባላጋራ የለም፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል፤ የሚረታ ሰው ስለሌለ መቼ መዝለል እንዳለብኝ አላውቅም። ብዙ ጊዜ ዝም አልኩ። አንድ ቀን ግን የአውጫጭኝ ነገር ተነሣና ዝም ማለት አልቻልኩም።

ያን ልማድ ብዙ ጊዜ ሠርቼበታለሁና ክፉውንም ደጉንም አውቀዋለሁ። አድራጊው ያልታወቀ ጥፋት ሲደርስ ያገሩ ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ አድራጊው እስኪገኝ ወደ ቤቱ አይመለስም። የሚያውቅ ሰው ለዳኛው በጆሮው ይነግረዋል። ዳኛውም ወፍ ነገረኝ ይላል እንጂ የነገረውን ሰው ስም አያወጣም። ደጉ ነገር ድኻው ጌታውን ሳይፈራ መናገሩ ነው። ክፉው ነገር ቂመኛ ወፍ ንጹሑን ሰው መጣሏ ነው። እናም ከወንበሬ ብድግ አልኩና አንዲት ወፍ ብቻዋን ሰው መጣል የለባትም፣ ሌላ ወፍ ያንኑ ቃል ካልደገመችው አይያዝ፣ ይህን በሕግ እንጻፈው አልኩ። እዚህ ላይ መቀመጥ ሲገባኝ ምላሴ አመለጠኝ። ይህ የማይበጅ ቢሆን በቅሎ እሰጣለሁ ብዬ ኩታዬን ወደ ኋላ ወረወርኩት።

ሰብሳቢው በዝግታ ተመለከቱኝና፣ እዚህ ማንም ማንንም አይረታም፣ በቅሎህን ለመንገድህ ያዛት አሉኝ። ጉባኤው ሁሉ ሳቀ። ሐሳቤ ይታያል ተባለ። ሳይታይ ጦርነት መጣ። ወደ ቤት ተመልሼ ስነግርሽ እንባሽ እስኪወርድ ሳቅሽ፤ ከዚያ ዓይንሽን ጠርገሽ፣ ሳቁን ተወው፣ ስለ ወፏ ያልከው ግን ደግ ነገር ነው አልሽኝ። ከምክር ቤቱ ሁሉ ያገኘሁት ድጋፍ እሱ ነው።

ጣልያን ደብረ ማርቆስን ከያዘ በኋላ ያለውን አብረን አይተነዋል። ባለፈው ክረምት ግን እኔ አልነበርኩም። ከቀድሞው መንግሥት ሹመት የነበረው ሁሉ ይምጣ ተብሎ ሄድኩ፤ ክረምቱን ሙሉና ጥቅምትን ደብረ ማርቆስ በቁም እስር ተቀመጥኩ። ጠዋት ጠዋት ቀርቤ ስሜን ማስጠራት ነበረብኝ። አንዳንድ ጠዋት ከአጠገቤ ይቆም የነበረው ሰው አይገኝም፤ የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅም የለም። እግሬ ያን ጊዜ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እስካሁን አልተወኝም። በመጨረሻ ሲለቁኝ ሮጬ ቤቴ ገባሁ፤ አንቺ በሩን ከፈትሽልኝ፤ በሳምንቱ ታመሽ ተኛሽ። ተስቦ ነው አሉ። በመንደሩ ሌላ ተስቦ የያዘው ሰው አልነበረም። ከየት መጣባት ብዬ ሁሉንም ጠየቅሁ፤ ሁሉም መሬት መሬቱን አየ። እኔ ኀዘን መስሎኝ ነበር።

አሁን ወደ ፍርሃቴ ልምጣ።

ከዳግም ትንሣኤ በኋላ አማኑኤል የተቀመጠው የጣልያን ካፒታን ከአስካሪ ወታደሮቹ ጋር ወደ ደብራችን ወጣ። ባለፈው ክረምት አንድ የቆሰለ የአርበኛ አለቃ በዚህ ደብር ተደብቆ፣ ቁስሉ ሽሮለት መሄዱን ሰምቷል። ማን እንደ ደበቀው ካልተነገረ መንደሩ ይቃጠላል፣ ከተነገረ የሚሰቀለው አንድ ሰው ብቻ ነው አለ። አንዲት ሴት በአገልግል ምግብ ስታመላልስ መታየቷንም ሰምቷል። ይህን ስሰማ የመጣችብኝ እህትሽ ናት። በዚህ ደብር በአገልግል ምግብ ይዛ የማንም ዓይን ውስጥ የምትገባ ሴት ዘርፌ ናት። በክረምት ወደየት እንደምታመላልስ አልነበርኩምና አላየሁም፤ ነገር ግን ሰውዬውን የደበቀችው እሷ መሆኗን በልቤ ቆረጥኩ።

ካፒታኑ ነገሩን ባገሩ ልማድ አውጡት፣ እንደራሴ የነበረው ሰው ዳኛ ይሁን ብሎ አስጠራኝ። ወንጌል አስመጥቶ የሰማሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ እንድናገር አስማለኝ። እግዚአብሔርን እንደምፈራ ነግረውታል። ሕዝቡም ከወይራው በታች ካለው ሜዳ ላይ ታገተ። የእርሻ ወቅት ነው፤ ሞፈሩም ቀንበሩም ከየቤቱ ተጋድሟል።

አስተርጓሚው ጎልማሳ ነው፣ ካኪ የለበሰ፣ ያገራችንን ሰው የገዛ አገሩ ሰው እንዳልሆነ አድርጎ የሚመለከት። ከጎኔ ሊቀመጥ ወንበር አስመጣ። አይሆንም አልኩት። ወፍ ሰው እያያት አትናገርም፤ ጌታህ ከዚያ ከጥላው ይቀመጥ፣ አንተም ከእሱ ጋር አልኩት። ሳቀብኝና፣ አንተ እንደራሴ፣ የሮማ መንግሥት ዛሬ የወፍ ጫጫታ ይጠብቅ እያልክ ነው አለ። ጫጫታውን አንተ እያደረግህ ነው አልኩት። እንዴት እንዳልኩት አላውቅም። ካፒታኑ ግን ወደ ጥላው ተነሣና አስተርጓሚው ወንበሩን ተሸክሞ ተከተለው። የመጀመሪያውን ሙግት ረታሁ። ከዚያ ወዲያ ግን ፍርሃቴ ሌላ ሆነ። ዘርፌን አንዲት ወፍ ብቻ ብትጠራት ዝም እላለሁ፤ ሕጌ ነው፣ አንዲት ወፍ አትበቃም። ሁለት ቢሆኑስ? ምያለሁ።

መጀመሪያ የመጡት እማሆይ ብሬ ናቸው፤ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የሚኖሩት መነኩሲት። ጆሮዬን ሳብ አድርገው፣ ይመኙሻል ናት፣ ነፍሷን ይማርና አሉኝ። የሰማሁት አልመሰለኝም። ምን አሉ ብዬ ጠየቅሁ። አንተ ደንቆሮ ዳኛ፣ ሚስትህ ናት አልኩህ ብለው ዘንጋቸውን እየመቱ ሄዱ። ቀጥሎ ሸማኔው መጣ፤ ስምሽን ጠራ። ቀጥሎ የደብሩ ዲያቆን፤ ስምሽን ጠራ። አንዳንዱ ወፍ የለኝም ብሎ አለፈ። የሚናገር ሁሉ ግን አንቺን ነው የሚጠራው። ገባኝ፤ ወይም የገባኝ መሰለኝ። ሞታለች፣ አትሰቀልም፤ በእሷ ላይ እንጣለው ብለው ተማክረዋል አልኩ። ቁጣና ምስጋና አብረው መጡብኝ። ዘርፌን ማዳናቸው ደስ አለኝ። አንቺን ግን፣ መከላከያ የሌለሽን፣ በሐሰት አደባባይ ማውጣታቸው አቃጠለኝ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ የሚለው ያገሬ ሰው ዛሬ በተራ ቆሞ ሙት ይከሳል።

ከሁሉ የፈራሁት ጫኔን ነበር። የወንዙን ዳር ማሳ በሙግት የረታሁትን ጫኔን አልረሳሽውም፤ ከዚያ ወዲህ በመንገድ ሲያገኘኝ ዞር የሚለው። አሁን ሊበቀለኝ ቢፈልግ እህትሽን መጥራት ብቻ ይበቃዋል። ተራው ደረሰ። ጎንበስ ብሎ፣ ሚስትህ ናት አለኝ። ሊሄድ ብድግ ካለ በኋላ መልሶ ጎንበስ አለና፣ የማሳውን ነገር ግን እግዜር ያየዋል፣ እንዳልተውኩት እወቅ አለኝ። በዚያ ሜዳ ላይ መሳቅ ቢቻል ኖሮ እስቅ ነበር።

በመጨረሻ ዘርፌ መጣች፣ ልጇን አዝላ። እጄን ያዘችና፣ እቴ ናት አያ አላምረው አለች፤ አለቀሰች። የገዛ ጥፋቷን በሞተች እህቷ ላይ መጣሏ አሳፍሯት ነው አልኩ በልቤ። ፊቷንም አላየሁ።

ተነሥቼ ቆምኩ። ወፎቹ አንድ ቃል ሆነዋል አልኩ። ሰውዬውን የደበቀችው ይመኙሻል ናት፣ ባለፈው ኅዳር የሞተችው፣ የእኔ ሚስት። ቤቱም ቤቴ ነው። ካፒታኑ ከጥላው ወጥቶ መጣ፤ አስተርጓሚው ቃሉን አመላለሰው። ሬሳ ነው ወይ የምትሰጡኝ፣ ይህ ውሸት ነው ይላል አለ። እኔም ውሸት ነው ብዬ አምናለሁ፣ አየሽ። ነገር ግን ቆሜአለሁ፣ ኩታዬን አደግድጌያለሁ፣ ባላጋራ ከፊቴ ነው፤ ያ አፌ አመለጠኝ። ውሸት ቢሆን በቅሎ እሰጣለሁ አልኩ።

አስተርጓሚው እየሳቀ ተረጎመለት። ካፒታኑ አልሳቀም። በቅሎዋን አምጡ አለ። አመጡለት፤ ወሰዳት። ጫኔ ከሰዉ መካከል፣ አፉ በቅሎዋን በላት ሲል ሰማሁት።

ከዚያ ካፒታኑ መቃብሯን አሳዩኝ አለ። አሳየነው። የራስጌሽን ድንጋይ በጫማው አፍንጫ መታ መታ አደረገ። ነገሩን ለደብረ ማርቆስ እጽፋለሁ፤ መልሱ ሲመጣ ሽፍታ የተደበቀበት ቤት ይቃጠላል፣ የቤቱ ጌታ ይወሰዳል፣ ካስፈለገም መቃብሩ ይከፈታል፣ እስከዚያ ከዚህ እንዳትነቃነቅ አለኝ። ሰዉን ለቀቀው። ሰዉም ወደ እርሻው ሄደ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገድ መንገዱን አዳምጣለሁ። ስለ ቤቱ እፈራለሁ። ስለ ገመዱም እፈራለሁ፣ አልደብቅሽም። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ያ የጫማ አፍንጫ ነው። ለሙሉም ቆይ ያልኳት ለዚህ ነው፤ ስምሽ አሁን በእነሱ መዝገብ ላይ ስላለ ጨቅላዋን በዚያ ስም መጥራት አስፈራኝ።

ሌላም የሚያሳድደኝ ነገር ነበረኝ። በወንጌል ምዬ ሐሰት ተናግሬአለሁ ብዬ ወደ ንስሐ አባታችን ሄድኩ። ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ምን ሰማህ አሉኝ። ስሟን አልኩ። ምን ተናገርህ አሉኝ። ስሟን አልኩ። ታዲያ ምን ትፈልጋለህ፣ ሂድ ልጄ ብለው መስቀላቸውን አሳለሙኝ። ቀኖናም አልሰጡኝ፣ ስግደትም አላዘዙኝ። አፋቸው ላይ ፈገግታ ያየሁ መሰለኝ። አረጁ ብዬ ታዘብኳቸው።

ባለፈው ሰንበት ከቅዳሴ ስንወጣ ዘርፌ ተከተለችኝ። አያ አላምረው፣ ተቀይመውኛል አለችኝ። መንገዴን ቀጠልኩ። ምነው፣ ሐሰት መሰለዎት እንዴ አለችኝ።

ቆምኩ።

ከዚያ በኋላ የነገረችኝን አንቺው ታውቂዋለሽ፤ እኔ ግን እንደ አዲስ ልጻፈው፣ በእጄ ካልጻፍኩት አላምነውም። ሰውዬውን ዝናብ በሚጥልበት ቀን በቃሬዛ አምጥተው ከደጃችን ያስቀመጡት፤ አንቺ አንድ ቃል ሳትጠይቂ በሩን የከፈትሽው፤ ከትልቁ ጎታ በስተጀርባ ያስተኛሽው፤ ኩታሽን እኩሌታውን ቀድደሽ ቁስሉን ያሰርሽው። ዘርፌ በአገልግል ታመላልስ የነበረው ወደ እኛው ቤት ነው፤ የአንቺ ጭስ በዝቶ እንዳይታይ። ቁስሉ ሲሽር ተስቦ ያዘው፤ አንቺም አስታመምሽው። ሲያገግም እንደ ሬሳ ሸፍነው፣ ካህናቱ ከፊት ከፊት እየጸለዩ፣ ወደ ዲማ አሻገሩት። የደብሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። በቤቴ የሆነውን በቤቴ የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ለምን አልነገረችኝም ብዬ ጠየቅኋት። ዘርፌ ያልሽውን ቃል በቃል ነገረችኝ፤ እሱ ከማለ አይጥስም፣ ከጠየቁት ይናገራል፣ ባያውቅ ይሻለዋል ብለሽ ነበር አለችኝ። ከዚያ ስትደክሚ እነ እማሆይን አስጠርተሽ፣ ነገሩ አንድ ቀን ይመጣል፤ ሲመጣ ሁላችሁም እኔን ጥሩ፣ ሌላ ሰው እንዳትጠሩ፣ ሙት አይሰቀልም አልሽ። አንዲት ወፍ ብቻዋን አትበቃም፣ አንድ ቃል ሁኑ፣ እሱ የሚፈርደው እንዲያ ነው አልሽ።

ይመኙሻል፣ እኔ በምክር ቤት ቆሜ ያልተጻፈልኝን ሕግ አንቺ በመኝታሽ ሆነሽ ለሰው ሁሉ አስጠናሽው። ዳኛ አድርገው ያስቀመጡኝ መስሎኝ ሳለ ነገሩን ያሰናዳሽው አንቺ ነሽ። እንደ ዱሮው አሁንም ረታሽኝ፤ ማማሰያ እንኳ ሳትይዢ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ራሴን እጠይቃለሁ። ቤት ኖሬ ቢሆን፣ ያን በዝናብ የመጣ ቃሬዛ ባይ፣ ምን አደርግ ነበር? ከፍቼ አስገባው ነበር ማለት እፈልጋለሁ። በጸሎት መካከል እንኳ እንዲህ ብዬ ለመማል ሞከርኩ፤ ምላሴ እሺ አላለኝም። ምናልባት በሩን ይዤ እቆም ነበር፤ ልክፈት ልዝጋ እያልኩ፣ ሰውዬው ከደጅ ደሙ እስኪያልቅ። አላውቅም። አንቺ የምታውቂኝ ይመስለኛል፤ አውቀሽም አልተቀየምሽኝም። እኔ እዚያ ደብረ ማርቆስ ስሜን እያስጠራሁ ስንቀጠቀጥ፣ አንቺ እዚህ ከጎታው ጀርባ የሰው ነፍስ ይዘሽ ኖርሽ፤ ተመልሼ ስገባ ግን በሩን ከፍተሽ፣ ከስተሃል፣ ምን ያበሉህ ነበር አልሽኝ። ሌላ ምንም አላልሽኝም።

ተስቦው ከየት እንደ መጣብሽም አሁን አወቅሁ። ሰዎቹ መሬት መሬቱን ያዩበትንም ምክንያት።

ዘርፌ ስትሄድ ከጉያዋ አንድ ጥቅል አውጥታ ሰጠችኝ። የኩታሽ እኩሌታ ነው። ሰውዬው ከዲማ አሳጥቦ ልኮት ኖሯል፤ ደሙ ጥበቡ ላይ ትንሽ ቀርቷል፣ ሌላው ነጭ ነው። እሷ እስካሁን የት እንደምታደርገው ጠፍቷት ደብቃው ነበር። ከሣጥን ያለውን አውጥቼ ከጎኑ አኖርኩት፤ ገጠመ። መርፌ መያዝ አልችልም፣ ታውቂያለሽ፤ ቢሆንም እንደ ምንም አድርጌ ሰፋሁት። ስፌቱን ብታዪው ትስቂብኝ ነበር።

አሁን ይህን ወረቀት ስጨርስ ዘርፌ ታጥፈዋለች፤ በልጇ ማዘያ ውስጥ ደብቃ፣ ልጆቿንም ይዛ ወደ ዲማ ትወጣለች። ስሟን እዚህ መጻፌ ያስፈራኛልና ከእኔ ጋር አይቆይም። እዚያ ያሉት ካህናት በቅዳሴ ስምሽን ሲያነሡ ወረቀቱ ከአጠገባቸው ይሆናል። ለሙሉም ልኬባታለሁ፤ ቆይ ያልኩትን ተይው፣ ልጅቷን ይመኙሻል በያት አልኳት። በእነሱ መዝገብ ላይ ያለሽው አንድ ጊዜ ነው፤ በሙሉ ቤት ግን ጠዋት ማታ ትጠሪያለሽ። እኔ ብኖርም ባልኖርም በዚያ ቤት የሚረሳሽ የለም። እኔም እስካለሁ ድረስ ከሌሊቱ ጸሎቴ በፊት የምጠራው ስም ያንቺ ነው።

ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። ለቀቀኝ ብል እግሬ ያጋልጠኛል። ሲመጡ ግን ኩታሽን፣ ያንኑ የተሰፋውን፣ አደግድጌ በራችን ላይ እቆማለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ በሌላ ሰው ነገር ቆሜአለሁ፤ አንድ ቀን በአንቺ ነገር ልቁም። መቃብርሽን ከመንካታቸው በፊት በእኔ በኩል እንዲያልፉ፣ የተናገርኩት እውነት መሆኑን በሰው ሁሉ ፊት እናገራለሁ፤ አሁን ሳላመነታ እምልበታለሁ።

የመኪና ድምፅ ነው መሰለኝ። ዘርፌም ሰምታዋለች፤ ልጇን እያዘለች ነው።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ውሸት ቢሆን በቅሎ እሰጣለሁ ብዬ ነበር፤ ውሸት አልነበረም። ስለዚህ ካፒታኑ ከመኪናው ሲወርድ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው በቅሎዬን ነው።

ባልሽ አላምረው